የሚያንቀጠቅጠው ዓሣ፣ የባቄላው እሸት እና አንጎል ውስጥ የገባው ሽቦ

የአትላንታ ኦሊምፒክ ሲነሣ ታላላቆቻችን አፍ ላይ ቀድመው የሚመጡት ሁለት ስሞች ናቸው፤ ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ። እውነታቸውን ነው። ፋጡማ በኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት የሆነችው፣ ኃይሌም የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ያጠለቀው በዚያው በ1996 ክረምት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እንዳንጣላ።) እነርሱ ከመሮጣቸው በፊት ግን በመክፈቻው ምሽት አንድ ሰው ችቦ ይዞ ብቅ አለ፤ መሐመድ አሊ። ስንቱን ቦክሰኛ ያንበረከከው እጅ ዓለም እያየው ተንቀጠቀጠ።

ብዙ ሰው «ፓርኪንሰን» የሚለውን ስም የሰማው ያን ምሽት ነው። አሊ በሽታው እንዳለበት ከታወቀ ያኔ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላም እስኪያርፍ ድረስ 20 ዓመት አብሮት ኖሯል።

እኔ ባደግኩባት ሙዱላ ግን ይህ ስም ዛሬም እንግዳ ነው። አንድ አባወራ ቡና ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ብቻውን ሲንቀጠቀጥ፣ አረማመዳቸው ሲያጥርና እግራቸውን ሲጎትቱ፣ ፊታቸው እንደ ድሮው መሣቅ ሲያቅተው የምንሰጠው ማብራሪያ ዝግጁ ነው። «እርጅና ነው» እንላለን። «ብርድ መትቷቸው ነው» የሚልም አለ። ትንሽ የተማረው ደግሞ «ነርቭ ነው» ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል። እርጅና ነው ከተባለ በኋላ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ማን ነው? ለእርጅና ማን ካርድ ያወጣል?

ለዚህ ነው ዛሬ አንድ ረጅም ታሪክ ላወራችሁ የተነሣሁት። ሰዎች አንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ እየላኩ የሚንቀጠቀጥ እጅ ማረጋጋትን እንዴት ተማሩ? ይህ ሕክምና ምን ይችላል፣ ምንስ አይችልም? እኛስ ከታሪኩ ስንተኛው ገጽ ላይ ነን?

አባ ጎርጎርዮስ የሚያውቁት ዓሣ

በኤሌክትሪክ መታከም ሲባል የዘመናችን የፈረንጅ ሥራ ይመስለናል። ነገሩ ግን ከአምፖልም ከባትሪም ይቀድማል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ሐኪም ስክሪቦኒየስ ላርገስ ራስ ምታት ለጠናበት ሰው ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የባሕር ዓሣ በሕይወት እንዳለ ራሱ ላይ እንዲደረግለት ጽፏል።

ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስለ አንድ ጉደኛ ዓሣ ያወራል። ዓሣውን በእጁ የያዘ ሰው ይንቀጠቀጣል። ሐበሾች ትቶ እየተመለሰ የሚያሠቃይ ትኩሳት የያዘውን ሰው በዚህ ዓሣ ያክሙ ነበር ይላል ሉዶልፍ፤ በሽተኛው በደንብ ይታሰርና ዓሣው መገጣጠሚያው ላይ ይደረግበታል፤ ሥቃዩም ብርቱ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ስለ አገራችን ካስተማሩት ዋነኛው በ1649 ሮም ላይ የተዋወቃቸው ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

ዓሣው ደግሞ ተረት አይደለም። የአምባዛ ዘመድ ሲሆን እስከ 350 ቮልት ማመንጨት ይችላል። በነጭ ዓባይና በኦሞ–ቱርካና ተፋሰስ ውኃዎች ይኖራል። ኦሞ ማለት እንግዲህ ከኛው ከጠምባሮ በታች የሚያልፈው ወንዝ ነው።

ያ ዓሣ ፓርኪንሰንን አከመ እያልኩ አይደለም። የምለው አንድ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ሰውን እንደሚያንቀጠቅጥ የዚያ ዘመን ሰዎች በእጃቸው ይዘው አረጋግጠዋል። ኤሌክትሪክ መንቀጥቀጥን ሊያቆም እንደሚችል ለማየት ግን ከሉዶልፍ መጽሐፍ በኋላ ሌላ 300 ዓመት አስፈልጓል።

መንገድ ላይ የተገኘ በሽታ

በ1817 የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መሠረቷ ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ከስድስቱም ከፊሎቹን ያገኛቸው ክሊኒኩ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ወደፊት አዘንብለው፣ በትንንሽ እርምጃ እየቸኮሉ ሲሄዱ አይቶ አስቆማቸው፣ ጠየቃቸው፣ ጻፈ። ስሙን እስከ ዛሬ ያስጠራው ሥራ ያ ነው፤ ሌላው ሰው «ሽማግሌ ነው» ብሎ ያለፈውን ሰው ቆሞ ማየት።

ፓርኪንሰን ግን አንድ ነገር ስቷል። በሽታው አእምሮን አይነካም ብሎ ጽፏል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ፓሪስ ላይ የነበረው ታላቁ ሐኪም ሻርኮ በሽታውን በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። ሻርኮ ሕሙማኑ በባቡርና በሠረገላ ተንገላትተው ሲመጡ ቀለል እንደሚላቸው ሰማ። ወዲያው የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራላቸው። በክረምት ኮረኮንች በአይሱዙ ተጭኖ ወደኛ አገር የመጣ ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። መድኃኒቱ መንገጫገጭ ቢሆን ኖሮ ከከምባታና ከሃዲያ የገጠር መንገዶች በላይ ማን ሆስፒታል ነበረው!

ባቄላው

አሁን የምነግራችሁ የታሪኩ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል። በ1913 ስዊዘርላንድ ውስጥ ማርኩስ ጉገንሃይም የተባለ የኬሚስትሪ ሰው ከአንድ ተክል ሌቮዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ተክሉ ምን ይመስላችኋል? ባቄላ! ያው ለሹሮ የምንከካው፣ በእሸትነቱ የምንጠረጥረው፣ ኢትዮጵያ ከዓለም ግንባር ቀደም አምራቾች አንዷ የሆነችበት ባቄላ። ጉገንሃይም ከዱቄቱ 2.5 ግራም ራሱ ዋጠና አስመለሰው። ከዚያ ነገሩ ለረጅም ዓመታት ተረሳ።

በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት ያደነዘዛቸውን ጥንቸሎች በሌቮዶፓ መልሶ አነቃቸው። በ1960 ቪየና ላይ ኤህሪንገርና ሆርኒኪዬቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል በጣም ማነሱን አሳዩ። ሌቮዶፓ ደግሞ አንጎል ውስጥ ሲገባ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ነገር ነው። በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆርጅ ኮትዚያስ መጠኑን ቀስ በቀስ እየጨመረ ሕሙማኑን በአፍ ሲያስውጣቸው ለዓመታት የደረቁ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ካርልሰን በ2000 ኖቤል ተሸለመ።

(ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ ይህን አንብባችሁ ለአባታችሁ አንድ ቁና ባቄላ እንዳትቀቅሉ። ከማሳ ማሳ፣ ከእሸት እስከ ደረቅ መጠኑ ይለያያል። ኪኒኑ ልክ አለው፤ ባቄላው የለውም።)

ኪኒኑ ግን ዕድሜ ልክ እንደ መጀመሪያው አይሠራም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉልበቱ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አንዱን ሰዓት በሽተኛው ደርቆ ይቀመጣል፤ በሌላው ሰዓት መድኃኒቱ በዝቶበት ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይወዛወዛል። ኤሌክትሪኩ ወደ ታሪኩ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው።

የተቀደደው የደም ሥር

ቀዶ ጥገናው ከኪኒኑ በፊት ነበር። በ1952 አሜሪካዊው ኢርቪንግ ኩፐር የአንድ ፓርኪንሰን በሽተኛ አንጎል እያከመ ሳለ ሳያስበው አንድ የደም ሥር ቀደደ። ደሙን ለማቆም ሥሩን ቋጠረና ያሰበውን ሥራ ሳይጨርስ ዘጋው። በሽተኛው ሲነቃ መንቀጥቀጡ ጠፍቷል፤ ሽባም አልሆነም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሐኪሞች ታላመስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል በጥቂቱ እያቃጠሉ መንቀጥቀጥን ያቆሙ ነበር። ችግሩ የተቃጠለ አንጎል አይመለስም። ስፍራውን በጥቂት ሚሊሜትር የሳተ ሐኪም ሰውየውን ወይ አንደበቱን ወይ ጉልበቱን ያሳጣዋል። ሌቮዶፓ ሲመጣ አብዛኛው ሰው ከቢላው ሸሸ።

1987፤ ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል። አሊም-ሉዊ ቤናቢድ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም እንደተለመደው ከማቃጠሉ በፊት ስፍራውን በኤሌክትሪክ እየነካካ ይፈትሽ ነበር። በሽተኛው ነቅቷል፤ ያወራል። በሴኮንድ ጥቂት ጊዜ ሲነካው የተለየ ነገር የለም። ድግግሞሹን በሴኮንድ ወደ 100 ሲያደርሰው መንቀጥቀጡ ቀጥ አለ። ኤሌክትሪኩን ሲያጠፋው ተመለሰ። ሲያበራው እንደገና ቆመ። ታዲያ ማቃጠል ለምን አስፈለገ? ሽቦው እዚያው ይቅር፣ ባትሪውም ቆዳ ሥር ይቀበር!

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሌላ ያልታሰበ ነገር ሆኗል። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ በድብቅ የተሠራ ሐሰተኛ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ቆየ የፓርኪንሰን በሽተኛ ደርቀው ተገኙ። ሄሮይኑ ውስጥ የነበረው መርዝ ተለየ። በዚያ መርዝ በሽታውን በዝንጀሮዎች ላይ ማምጣት ስለተቻለ ማህሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ የአንጎልን የእንቅስቃሴ መሥመር አንድ በአንድ ተከተሉት። በ1990 ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የምትባል የባቄላ ፍሬ እንኳ የማታክል ክፍል ከልክ በላይ እንደምትሠራ፣ እርሷን ዝም ማሰኘትም ዝንጀሮዎቹን እንደሚፈታቸው አሳዩ። የግሬኖብል ሐኪሞች በ1993 ሽቦውን ወደዚህች ክፍል ወሰዱት። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሕክምናውን በ1997 ለመንቀጥቀጥ፣ በ2002 ደግሞ ለፓርኪንሰን ፈቀደ። ቤናቢድና ዴሎንግ በ2014 የላስከርን ሽልማት ተካፈሉ።

ሽቦው ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ይወፍራል። ባትሪው ደረት ላይ፣ ቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ አንገት ውስጥ ያልፋል። በሴኮንድ 130 ጊዜ ያህል፣ በጥቂት ቮልት ይመታል። ሁለት የባትሪ ድንጋይ የምትይዝ ፋኖስ የምታህል ጉልበት! እዚያው ኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት ነው፤ አንድን አባት እንደገና በእግራቸው የምታቆመው ኤሌክትሪክ ግን ይህቺው ናት።

እጅ ይረጋል፤ ሐሳብስ?

አሁን ያቆየናትን ነገር እናምጣት። ጄምስ ፓርኪንሰን በሽታው አእምሮን አይነካም ብሎ ነበር። ሲድኒ ላይ ሕሙማንን ለ20 ዓመት የተከታተሉ ሐኪሞች በ2008 ያሳተሙት ውጤት ሌላ ይላል። ከ20 ዓመት በኋላ በሕይወት ከቆዩት 83 ከመቶው የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ሐሳብ ይዘገያል፣ ዕቅድ ማውጣት ይከብዳል፣ የሌለ ሰው ይታያቸዋል። ቤተሰብ «ጃጁ» የሚለው ይህንን ነው።

ሽቦው ይህን ያድናል? አያድንም። ይህን በግልጽ ማወቅ ያለብን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ተአምር የሚመስል ቪዲዮ ስልካችን ላይ ሲመጣ የምናየው የሚረጋውን እጅ ብቻ ነው። ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ላይ የሚደረገው ሕክምና መንቀጥቀጡን፣ መድረቁንና የመድኃኒቱን መዋዠቅ ያስተካክላል። ቃላትን ቶሎ የማውጣት ችሎታን ግን በአንዳንዶች ላይ እንዲያውም ይቀንሳል። የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ቀዶ ጥገና አይመረጥም። ለንደን ውስጥ ሐኪሞች የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ስድስት የፓርኪንሰን ሕሙማን መርጠው ሽቦውን ከማስታወስ ጋር ግንኙነት ወዳለው ሌላ የአንጎል ክፍል ላኩት። በ2018 የታተመው ውጤታቸው በአስተሳሰብ ላይ ግልጽ መሻሻል አላሳየም።

የራስ ቅል ሳይከፈት በማግኔት ወይም በደካማ ኤሌክትሪክ አንጎልን ከውጭ የማነቃቃት ዘዴም አለ። ማግኔቱን በ1985 ሼፊልድ ላይ አንቶኒ ባርከርና ጓደኞቹ አስጀመሩት። ለፓርኪንሰን ጥናቱ ቀጥሏል፤ እንደ ቀዶ ጥገናው የጸና ውጤት ግን አላመጣም። ስለዚህ «ኮፍያ አድርገን በኤሌክትሪክ ጭንቅላትዎን እናድሳለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

በ2025 መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ የአንጎልን ምልክት እያነበበ ኃይሉን ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ፈቅዳለች። በሽተኛውን አስረው ዓሣውን መገጣጠሚያው ላይ ካደረጉበት ሰዎች ተነሥተን እዚህ ደርሰናል።

ከሙዱላ ሲታይ

እኛስ? ከአዲስ አበባ ወደ ሆሳዕና በቡታጅራ በኩል የምትመጡ ሰዎች ሳታውቁት የዚህን ታሪክ ኢትዮጵያዊ ምዕራፍ አልፋችሁ ትመጣላችሁ። የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው መስቃንና ማረቆ ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት ዞረው በ60,820 ሰዎች ላይ የነርቭ በሽታዎችን ቆጠሩ። በ1990 በታተመው ሥራቸው ፓርኪንሰን የተገኘው ከ100,000 ሰው 7 ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አራት ሰው ያህል ማለት ነው። በበለጸጉት አገሮች ቁጥሩ ከ100 እስከ 200 ይደርሳል። ልዩነቱ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ግልጽ ነው፤ ፓርኪንሰን በዋናነት በዕድሜ የሚመጣ በሽታ ነው፣ ያኔ ደግሞ ለዚያ ዕድሜ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ አባቶቻችንና እናቶቻችን ረዘም ያለ ዕድሜ እየኖሩ ነው፤ እሰየው። በሽታውም አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን እንዳሉ ገምቷል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ላይ የነርቭ ሐኪሞችንና የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ግሬኖብል ላይ ሽቦው ከበራ 19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2010ሮቹ መጀመሪያ ደግሞ በሽታው ገና በወጣትነት የያዛቸው ወይዘሮ ክብራ ከበደ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት አቋቋሙ። ይህ በሽታ እርጅና አለመሆኑን ከእርሳቸው በላይ የሚያስረዳ ማን አለ?

ወደ ሙዱላ ስመለስ አንድ ሰው «ታዲያ ይህ ሁሉ ሽቦ ለእኛ ምናችን ነው?» ሊለኝ ይችላል። በአፍሪካ ሕክምናውን የሚሰጡት እንደ ግብፅና ደቡብ አፍሪካ ያሉ ጥቂት አገሮች ናቸው፤ ዋጋው ደግሞ ጠምባሮ ውስጥ በዝንጅብልና በእንሰት ለሚኖር ቤተሰብ የሚነገር አይደለም። ባትሪው ራሱ፣ ቻርጅ የማይደረገው ዓይነት ከሆነ፣ በየጥቂት ዓመቱ በቀዶ ጥገና ይቀየራል።

እኔ ግን ከታሪኩ የማነበው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች ለሽቦው ሰው ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። «ሌቮዶፓ ሲወስድ ይሻለዋል?» ኪኒኑ የማይሠራለት ሰው፣ መንቀጥቀጥ ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ሽቦውም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራለትም። ይህ ማለት ሽቦው ኪኒኑን አይተካም፤ ከኪኒኑ በኋላ የሚመጣ ደረጃ ነው። ኪኒኑ ደግሞ የሚመጣው አንድ ሰው ቆሞ አይቶ «ይህ እርጅና አይደለም» ካለ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ የ1817ቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ ቀዶ ጥገናም ውጭ ምንዛሪም አይፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር፣ ነርሷም ካርድ ክፍል በር ላይ ስትቆም ጥቂት ምልክቶችን ትወቅ። ሥራ ሲይዝ የሚረጋ፣ ሲያርፍ የሚንቀጠቀጥ እጅ፤ በተለይ በአንድ ወገን የጀመረ። እየዘገየ የሚሄድ እንቅስቃሴ። የደረቀ ክንድ፣ የማይወዛወዝ እጅ፣ ሣቅ የጠፋበት ፊት። ሲኒ ለማንሣት ሲሞክሩ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እርሱንም ሐኪም ይየው። ሌቮዶፓ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለ መድኃኒት ነው። ዱራሜ ወይም ሆሳዕና ፋርማሲ ሄዶ «የለም» ተብሎ መመለስ የሌለበት ዕቃ ነው። ሆሳዕና ላይ ሐኪም የሚያሠለጥን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለን። ተማሪዎቹ ቡታጅራ ላይ የተደረገውን ቆጠራ ከምባታና ሃዲያ ላይ ቢደግሙት ስንት ሰው «እርጅና» ተብሎ ተቀምጦ እንደሚገኝ እናውቅ ነበር።

ቤት ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ሐሳባቸው ሲዘገይ አትቆጧቸው፣ አትሣቁባቸውም። ጥያቄያችሁን ጠይቃችሁ መልሱን ጠብቁ፤ ይመጣል። እስከ አሁን የትኛውም ሽቦ ያላስተካከለው ነገር ይህ ስለሆነ የቤተሰብ ትዕግሥት የሕክምናው ግማሽ ነው።

ቸር እንሰንብት።